በ700 ዶላር ለአደን የወጣሁበት ደጋን

ነገሩ የጀመረው በጎመን ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው የምለው ይገባዋል። ትተክላለህ፣ ውሃ ታጠጣለህ፣ ነገ እቀጥፈዋለሁ ብለህ ትተኛለህ። ጠዋት ስትነሳ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይጠብቅሃል። አጋዘን በልቶት ሄዷል። አጥር ሠራሁ፣ ዘሎ ገባ። ሽታ ያለው ሳሙና ስቀል አሉኝ፣ ሰቀልኩ፣ ሳሙናው ሥር ቆሞ በላ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ሳማርር አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ለምን አንተ አትበላውም?» አለኝ። ጎመኑን መስሎኝ «ምን ተረፈኝና ልብላ» አልኩት። ለካ አጋዘኑን ነው።

ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ በደጋን የሚያድን ነው። በመኖሪያ ሰፈር አካባቢ ጠመንጃ መተኮስ አይቻልም፣ ስለዚህ እዚህ አጋዘን የሚያድን ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ደጋን ነው። ካውንቲው ራሱ የአጋዘን ቁጥር ለመቀነስ በፓርኮቹ ውስጥ በደጋን አዳኞች የሚያካሂደው ፕሮግራም አለው። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ደጋን ሲባል ትዝ የሚለኝ የአያቴ ጥጥ መንደፊያ ነው፤ እቤት ደጃፍ ቁጭ ብላ አውታሩን ዱም ዱም ስታደርገው። ለማንኛውም ከዚህ በታች «ደጋን» የምለው ዕቃውን ነው፣ «ፍላጻ» የምለው የሚወረወረውን። ቀስት ስንል ግማሻችን ይሄን ግማሻችን ያንን ስለምናስብ ግራ እንዳንጋባ ብዬ ነው። አጋዘን የምለውም የሀገራችንን ባለ ጥምዝ ቀንዱን ሳይሆን እዚህ አሜሪካ ጅራቱን ነጭ ባንዲራ አስመስሎ እያውለበለበ የሚሮጠውን ነው።

እንግዲህ የገዛሁት ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ የሚባለውን ኮምፓውንድ፣ ማለትም ባለ መዘውር ደጋን ነው። ከነሳይቱ (ማነጣጠሪያው)፣ ከነፍላጻ ማረፊያውና ከነፍላጻ መያዣው ተገጣጥሞ 400 ዶላር አካባቢ ወጣብኝ። አንድ ሙሉ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ አንድ አጋዘንም ጥያለሁ። ግን ስለሱ ከማውራቴ በፊት ከሱ በፊት ስለገዛሁት ልናገር፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያዬን በ120 ዶላር ያገለገለ ከኢንተርኔት ላይ ገዛሁ። ሻጩ ጥሩ ሰው ነበር፣ ፓርኪንግ ላይ ተገናኝተን ገንዘቡን ሰጠሁት፣ ደጋኑን ኮፈን ላይ አስቀመጠልኝ፣ አለቀ። ከላይ እስከ ታች ካሞፍላጅ ነው፣ ያምራል። እቤት ወስጄ መስታወት ፊት ቆሜ ገተርኩት፣ ባለቤቴ ሳቀች። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ስለቅ አውታሩ የግራ ክንዴን የውስጥ ጎን ገረፈኝ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ከክርን እስከ አንጓ እንደ ጥቁር ወይን ሆነ። እኔ ልምድ ማጣት መሰለኝ። ለሁለት ሳምንት ረጅም እጅጌ እየለበስኩ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ያ ባልደረባዬ አንድ ትንሽ የደጋን ሱቅ ወሰደኝ። ሱቅ ከምለው ጋራዥ ብለው ይሻላል። ሽማግሌው ባለቤት ደጋኑን ተቀብሎ አየው፣ ምንም አላለም። መሳቢያ ከፍቶ ጥጥ አወጣ። አዎ፣ ጥጥ። ጥጡን በደጋኑ ክንዶች ላይ፣ እነሱ ሊምብ በሚሏቸው፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርጎ አሸት አደረገው። የታችኛው ክንድ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጥጡ ያዝ አደረገና ጥቂት ክር እዚያው ቀረ። «ይኸውልህ» አለኝ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነው። «እኔ ይሄንን አልገትረውም። አንተም እንዳትገትረው።» ተወጥሮ ሳለ ቢሰበር የፋይበርግላሱ ስብርባሪ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉንጬ ላይ አስጠግቼ ስገትረው የነበረውን ዕቃ እያየሁ እግሬ ቄጠማ ሆነ። አያቴ በደጋን ጥጥ ትነድፍ ነበር፣ እኔን ደግሞ ጥጥ ከደጋን አዳነኝ።

ሁለተኛው ጉድ ደግሞ የመሳቢያ ርዝመቱ፣ ማለትም አውታሩ ወደ ኋላ የሚሳብበት ልክ ነበር። ኮምፓውንድ ደጋን እንደ ድሮው ደጋን የፈለጋችሁትን ያህል የምትስቡት አይደለም። ጫፍና ጫፉ ላይ ካም የሚባሉ ሞላላ መዘውሮች አሉት፣ ሲገተር ይዞራሉ፣ የሆነ ቦታ ሲደርስ ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ይላል። የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1969 ያገኘበት ሐሳብ ነው። ጥቅሙ ምንድነው፣ መጨረሻው ላይ ይዞ ለማቆየት የሚጠይቀው ኃይል ይወርዳል። የእኔ 55 ፓውንድ ላይ ነው የተሞላው፣ ግን ሙሉ ለሙሉ ከገተርኩት በኋላ እጄ ላይ የሚቀረው 11 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። ሌት ኦፍ 80 ፐርሰንት የሚሉት ይህንን ነው። አጋዘኑ ዛፍ ጀርባ ቆሞ አልወጣ ሲላችሁ፣ ገትራችሁ ስትጠብቁ፣ ያቺ 80 ፐርሰንት ምን ማለት እንደሆነች ይገባችኋል።

ታዲያ ያ ግድግዳ በእናንተ ቁመት ልክ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች ለኩ፣ ለ2.5 አካፍሉ። የእኔ 70 ኢንች ነው፣ ስለዚህ 28። ያ የገረፈኝ ደጋን 30 ላይ የተሠራ ነበር፣ ለማሳጠር ደግሞ ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚሆን መለዋወጫ ያስፈልገዋል፣ መለዋወጫው ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ሁለት ኢንች ምን አላት እንዳትሉ። ክንዴን ጠይቁት።

ዳይመንዱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የመሳቢያ ርዝመቱ ከ13 እስከ 31 ኢንች ይስተካከላል፣ ኃይሉ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ። በሌላ አነጋገር የሰባት ዓመት ልጄም፣ ባለቤቴም፣ እኔም ያንኑ ደጋን መጠቀም እንችላለን። (ባለቤቴ አንድ ቀን ሞክራ ከእኔ በተሻለ መታች፣ እንደገና አልሰጠኋትም።) ክብደቱ 3.2 ፓውንድ፣ ከካም እስከ ካም 31 ኢንች። አጭር ስለሆነ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ለማዞር አያስቸግርም። ከሱ ወዲህ ኢንፊኒት 305 የሚባል ታናሽ ወንድምም ወጥቶለታል፣ አስተሳሰቡ ተመሳሳይ ነው። የቤር አርቸሪው ክሩዘር ጂ2ም እዚያው ተርታ ነው፣ ከ12 እስከ 30 ኢንች፣ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ። ሁለቱንም ሱቅ ውስጥ ገትሬአቸዋለሁ፣ የእጀታው አያያዝ ዳይመንዱ ስለተመቸኝ ብቻ እሱን ወሰድኩ። ክሩዘሩን ብወስድም አልቆጭም ነበር። ትልልቆቹ፣ ማቲውስና ሆይት አዲሶቹን ቁንጮ ሞዴሎቻቸውን ከ1,200 ዶላር በላይ ነው የሚሸጡት፣ ያውም ባዶውን፣ ያለ ሳይት ያለ ምን። ሱቅ ውስጥ አንዱን ገተርኩት። እንደ ቅቤ ነው። አልዋሽም፣ ልዩነት አለው። የ800 ዶላር ልዩነት ግን ለጀማሪ የለውም።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነቱ ነው። ሳጥኑ ላይ በሰከንድ 310 ጫማ ይላል። ውሸት አይደለም፣ ግን የሚለካው በ70 ፓውንድ፣ በ30 ኢንች እና 350 ግሬይን በምትመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። እኔ 55 ፓውንድ፣ 28 ኢንች፣ ፍላጻዬ ደግሞ 400 ግሬይን። ሽማግሌው በመለኪያው ሲያየው 245 ወጣ። ቅር ብሎኝ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፣ ምክንያቱም ሰውዬው ወረቀት አውጥቶ ያስላልኝ ጀመር። 20 ያርድ 60 ጫማ ነው። በ245 ፍላጻው ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል። በ310 ቢሆን አንድ አምስተኛ ሰከንድ። ልዩነቱ ከመቶ አምስት የሰከንድ እጅ ነው። የአውታሩ ድምፅ ሁለቱንም ቀድሟቸው አጋዘኑ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ የደነገጠ አጋዘን በ1,200 ዶላሩም ያመልጣል፣ ያልደነገጠ በ400ውም ይወድቃል። ጉልበቱንም አሰላው፣ 53 ፉት-ፓውንድ ገደማ። የፍላጻ ሠሪው የኢስተን ሰንጠረዥ ለአጋዘን ከ25 እስከ 41 ይበቃል ይላል። እንዲያውም ተርፎኛል።

እዚህ ላይ ወንድሞቼን አንድ ነገር ልለምን። 70 ፓውንድ ካልሳብኩ ወንድ አይደለሁም ማለት ተዉ። ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ከመሬት አንሱ፣ ደጋኑን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ወደ ሰማይ ሳታነሱ ቀጥ አድርጋችሁ ገትሩ። ካልቻላችሁ በዝቶባችኋል። እኔ በ62 ጀምሬ ነበር፣ ለመገተር ስል መላ ሰውነቴ ይወዛወዛል፣ በዚያ ውዝዋዜ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አጋዘን ይነቃል። ወደ 50 አወረድኩት፣ በሦስት ወር ውስጥ 55 ደረስኩ፣ እዚያው ቆምኩ። ኅዳር ላይ፣ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ከተቀመጡ በኋላ በበረደ ትከሻ ነው የሚገተረው። የሱቁ ውስጥ ጉልበት እዚያ የለም።

አሁን ገንዘቡን በግልጽ ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም ነበር። ደጋኑ 400። ግማሽ ደርዘን የካርቦን ፍላጻ 50። ሪሊዝ፣ ማለትም አንጓ ላይ ታስሮ አውታሩን ይዞ በቃታ የሚለቀው፣ 45። ዒላማ 80። ብሮድሄድ፣ ስለታሙ ጫፍ፣ 40። ሱቁ በእኔ ልክ ሊያስተካክለው 30። ዛፍ ላይ የሚታሰሩበት ቀበቶ 60። ድምሩ 705። ዛፍ ላይ የሚወጣበትን መቀመጫ ባልደረባዬ አዋሰኝ። ፈቃዱ ለቨርጂኒያ ነዋሪ፣ አደኑም የአጋዘኑም የደጋኑም ተደምሮ ከመቶ ዶላር በታች ነው፣ ለጀማሪ ግን መጀመሪያ የአዳኝ ትምህርት ወስዶ ማለፍ ግዴታ ነው፣ ትምህርቱን በኢንተርኔት መጨረስ ይቻላል። እንግዲህ በ400 ዶላር ደጋን ገዝቼ ወጣሁ ብላችሁ ከቤት ጋር አትጣሉ፣ ሌላ 300 ከኋላ እየመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በጣም ያዋጣኝ የ30 ዶላሩ ነው። ሽማግሌው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ርዝመቱን ለካ፣ አውታሩ ላይ ያለችውን የማያ ቀዳዳ ዓይኔን ጨፍኜ አስገትሮኝ ስገልጥ ቀጥታ እንዳገኛት አድርጎ አሰረልኝ፣ ፍላጻው ወረቀት ቀዶ ሲያልፍ ቀዳዳውን እያየ ማረፊያውን በፀጉር ስፋት አንቀሳቀሰ። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ መደብር ገብቼ ነበር። እዚያ ያለው ልጅ ቁመቴን በዓይኑ ገምቶ «29 ይሆንሃል» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ፣ እኔም ምስጋናዬን አቅርቤ ወጣሁ። ደጋን እንደ ጫማ ነው፣ ልክህን ሳይለካ የሚሸጥልህ ሰው ጋ ምን ታደርጋለህ።

ቅር ስላለኝ ነገር ልናገር። በዚህ ዋጋ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ደጋን ላይ የሚመጣው ተጨማሪ ዕቃ የማስጀመሪያ ዕቃ ነው። ባለ ሦስት መርፌ ሳይቱ ይሠራል፣ እኔ 20፣ 30 እና 40 ያርድ ላይ አስተካክዬዋለሁ፣ ምሽት ላይ ግን መርፌዎቹ ደብዝዘው ይታያሉ፣ አጋዘን ደግሞ የሚወጣው ምሽት ላይ ነው። አንድ ቀን እቀይረዋለሁ። የፍላጻ ማረፊያው ዙሪያውን ብሩሽ ነው፣ ፍላጻዋን አቅፎ ይይዛታል፣ ብትጎነበሱም አትወድቅም፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም። ሁለተኛ፣ ይህን ያህል ሰፊ ማስተካከያ ያለው ካም ሲገተር እንደ ውድዎቹ አይንሸራተትም፣ መሃል ላይ ጉብታ አለው፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። ለመጀመሪያው ወር አስገረመኝ፣ አሁን አላስተውለውም። ድምፁ? ከጠበቅኩት ያነሰ።

ፍላጻ ላይ አትቆጥቡ። ውድ ግዙ ማለቴ አይደለም፣ ለደጋናችሁ ልክ የሆነ ጥንካሬ ያለው ግዙ። ጎኑ ላይ 340፣ 400፣ 500 እያለ ተጽፏል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ደንዳና ነው። የእኔ 400 ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት ሁልጊዜ በእጃችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ እዩት፣ ካርቦኑ ሲሰነጠቅ ድምፅ አለው። እና እባካችሁ፣ ፍላጻ ሳይኖርበት አውታሩን በባዶው አትልቀቁ። እንግዳ ቤት ሲመጣ ደጋኑን ደብቁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያደርገው አንስቶ ገትሮ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ይበቃዋል፣ ደጋኑ ይፈርሳል። እኔ ቤት አንድ የፋሲካ ቀን ለጥቂት ነው የተረፈው።

ብሮድሄድን በተመለከተ በቨርጂኒያ ሕጉ ስፋቱ ከ7/8 ኢንች እንዳያንስ ይላል። ሲመታ የሚከፈት አለ፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ክፍት የሆነ አለ። የእኔ ክፍቱ ነው። የሚከፈተው ለመከፈት ጉልበት ይወስዳል፣ በ55 ፓውንድ ያለኝን ጉልበት ለመክፈቻ ማባከን አልፈለግኩም። ብቻ ሳይታችሁን በልምምድ ጫፍ አስተካክላችሁ በብሮድሄድ ሳትሞክሩ ጫካ አትግቡ። የእኔ 30 ያርድ ላይ አራት ኢንች ወደ ግራ ይሄድ ነበር። አራት ኢንች ማለት ሳንባ በመምታትና ጨጓራ በመምታት መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው።

የቨርጂኒያ መደበኛው የደጋን አደን የሚከፈተው በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፣ በፈረንጅ ጥቅምት። የገና ጾም ደግሞ በእኛ ኅዳር 15 ይገባል። ለእኔ ያለው ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው፣ ያውም ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ። አደኑ ቀርቶ ብሉኝ የሚል አጋዘን በር ላይ ቢመጣ እንኳ ከዚያ በኋላ እስከ ገና ፍሪዘር ነው የሚገባው። ይበላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ኦሪት ዘዳግም ላይ ዋላ ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል፣ ዘሌዋውያን ደግሞ አድኖ የሚይዝ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደነው ይላል። ከዚህ ያለፈውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ የደጋን ገምጋሚ ነኝ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት አንዲት እንስት መጣች። 18 ያርድ። ገተርኩ፣ እሷ ግን ኦክ ዛፍ ጀርባ ቆመች፣ ጭንቅላቷና ኋላዋ ብቻ ይታየኛል። ስንት ጊዜ እንደያዝኩት አላውቅም፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ያቺን 11 ፓውንድ ያኔ ነው የወደድኳት። ሁለት እርምጃ ወደፊት ስትል ለቀቅኩት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዛፉ ላይ ቁጭ ማለት አለ፣ ቶሎ ከተከተልካት ትነሳና ትሄዳለች። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ስልኬን ጣልኩ። ወርደን ደሙን በባትሪ ስንከተል 70 ያርድ ላይ አገኘናት። ፍላጻዋ አልፋት ወጥታ መሬት ላይ ተሰክታ ነበር። ያ የ400 ዶላር ደጋን፣ በ55 ፓውንድ።

ሥጋው ስብ የለውም። ጥብስ አድርጋችሁ ከሦስት ደቂቃ በላይ እሳት ላይ ካቆያችሁት ጫማ ነው የሚሆነው፣ ቅቤ ሳትሰስቱ ፈጠን ነው። ለቋንጣ ግን የተፈጠረ ነው፣ እኔ ከበሬው አስበልጠዋለሁ። ጥሬ ለምትወዱ፣ እኔም እወዳለሁ፣ ይሄን ግን አይሆንም። የዱር እንስሳ ነው፣ ጥገኛ ተውሳክ ይኖርበታል፣ ክትፎውን በሀኪም ቤት አልጋ ላይ እንዳታወራርዱት።

ለያ ባልደረባዬ ቋንጣ ፍርፍር ይዤለት ሄድኩ፣ በርበሬው አስለቅሶት ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። አውታሩን በየሁለት ሳምንቱ ሰም እቀባዋለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወይም በዚያኛው መቀየር አለበት፣ ሽማግሌው ከነሥራው 100 ዶላር ገደማ ነው ብሎኛል። 120 ዶላር የከፈልኩበት የመጀመሪያው ደጋን አውታሩን ቆርጬ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ጎመኑን ዘንድሮም በሉት።